ሽጉጤ በውድድር መሀል ይነክሳል፤ ከነገ ወዲያ ግጥሚያ አለኝ

ጀማሪው፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከነገ ወዲያ ጠዋት የተግባራዊ ተኩስ (እየሮጡ ዒላማ የሚመቱበት) ውድድር አለ፤ ሽጉጤ ደግሞ እየነከሰ፣ ማለትም ጥይት እየተቀረቀረበት፣ አስቸግሮኛል። ልምምድ ላይ ደህና ነው። የሰዓት መቁጠሪያው ጮኾ ሩጫው ሲጀመር ነው የሚያዋርደኝ። ጸድቷል፣ ዘይትም ተቀብቷል። ባለፈው ወር ከመጨረሻው ተርታ ወጥቼ መሀል ደርሼ ነበር፤ በቀደም ግን በ24 ጥይቱ ዙር ላይ ነከሰብኝና ተመልሼ ወደ ታች ተንከባለልኩ። ዳኛውን «ልድገመው» ብለው «የመሣሪያህ ጣጣ የራስህ ነው» አለኝ። ሞላውን ልቀይር ወይስ ሌላ ሽጉጥ ልዋስ?

አዛውንቱ ዳኛ፦
ልጄ፣ ዳኛው ትክክል ነው። በመሣሪያ ብልሽት የተነሣ ዙር አይደገምም። አፈሙዙን ወደ ዒላማዎቹ አቅጣጫ እንዳደረግህ ራስህ ታስተካክላለህ፤ 2 ደቂቃ ካለፈ ዙሩ ይቆማል። ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን በ1976 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄፍ ኩፐር ነበር። የስፖርቱ መፈክር ሦስት የላቲን ቃላት ነው፦ ትክክለኛነት፣ ኃይል፣ ፍጥነት። ፍጥነት ስንተኛ ላይ እንደመጣ ልብ በል። የዛሬ ልጆች ከመጨረሻው ቃል ትጀምሩና መሣሪያውን ትከስሳላችሁ።

ባዶ ቀለሃ፦
አባባ፣ የልጁ ሽጉጥ ላቲን የሚሰማ አይመስለኝም።

መታ አድርገህ ሳብ፦
የጥይት ካዝናውን ታች በመዳፍህ መታ አድርግ፣ የሽጉጡን የላይኛውን አካል እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስበህ ልቀቅ። አለቀ። እኔ አንድ ሰከንድ ተኩል ይበቃኛል።

ጀማሪው፦
እሱን አውቃለሁ። የምፈልገው እንዳይነክስ ማድረጊያውን ነው!

ሒሳብ ይሻላል፦
ወንድሜ፣ ወደ ታች ያንከባለለህ መንከሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ? የዙሩን ውጤት ጻፍልን።

ጀማሪው፦
ከዒላማው መሀል ወደ ዳር 14 ኤ፣ 7 ሲ፣ 2 ዲ፣ 1 የሳተ። የሳተው ጥይት ደግሞ መመታት የሌለበትን ነጭ ዒላማ መታ። ጊዜው 38.4 ሰከንድ። መንከሱ 6 ሰከንድ ያህል በልቶብኛል። ምድቤ ፕሮዳክሽን (የፋብሪካ ሽጉጥ ምድብ) ነው።

ሒሳብ ይሻላል፦
እንግዲህ እንቁጠር። በፕሮዳክሽን የሁሉም ጥይት በዝቅተኛው የኃይል ደረጃ ነው የሚቆጠረው፤ ኤ 5፣ ሲ 3፣ ዲ 1 ነጥብ። 70 ሲደመር 21 ሲደመር 2፣ 93። ለሳተው 10፣ ለነጩ ዒላማ 10 ሲቀነስ 73 ቀረህ። 73 ለ38.4 ሲካፈል በሰከንድ 1.90 ነጥብ ነው። ባይነክስብህ ኖሮ በ32.4 ሰከንድ 2.25 ታገኝ ነበር። ነክሶብህም ያቺ አንዲት ጥይት ሲ ላይ ብታርፍልህ ኖሮ ግን 96 ነጥብ፣ ማለትም 2.50። ሽጉጥህ የወሰደብህ 0.35፣ ዓይንህ የወሰደብህ 0.60 ነው። የሌላ ሰው ሽጉጥ ብትዋስም ያው ዓይን ነው አብሮህ የሚሄደው።

ጀማሪው፦
የሳትኩት እኮ ከነከሰብኝ በኋላ ተናድጄ ስቸኩል ነው!

ባዶ ቀለሃ፦
ንዴት በየትኛው ምድብ ይመዘገባል? እኔ እዚያ ምድብ ውስጥ ሻምፒዮን ነኝ። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ካዝናዎችህ ስም አላቸው? የእኔዎቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትና «ከዳተኛው» ይባላሉ። ከዳተኛውን ለልምምድ ብቻ ነው የማወጣው። ለመሆኑ ሲነክስ ምን ይታይሃል? ባዶው ቀለሃ ቀጥ ብሎ ቆሞ ተቀርቅሮ ነው ወይስ አዲሱ ጥይት ነው መግባት ያቃተው?

መታ አድርገህ ሳብ፦
የትኛውም ይሁን፣ መታ አድርገህ ሳብ።

አዛውንቱ ዳኛ፦
የትኛውም አይሁን! የተኩሱ ድምፅ ከወትሮው ደክሞ «ጵፍ» ካለ እጅህን ሰብስብ። የጥይቱ እርሳስ አፈሙዝ ውስጥ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩን ከኋላው ብትተኩስ አፈሙዙን ይተረትረዋል። በዚያ ጊዜ ተኩስ ቁምና ዳኛውን ጥራ። የዙሩ ነጥብ ቢቀር ይቅር፣ ጣትህ ይሻልሃል።

ጀማሪው፦
ድምፁ ደህና ነው። አዲሱ ጥይት አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ካዝናው አፍ ላይ ይቆማል። አሁን ሳስበው ካዝና ከቀየርኩ በኋላ ነው መሰለኝ። የትኛው ካዝና እንደነበር አላውቅም፤ አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው።

ሞላ ጠጋኝ፦
ጥይትህን ገዝተህ ነው ወይስ ራስህ ሞልተህ? እንዲለሰልስልህ ባሩድ ቀንሰህ ከሆነ የላይኛው አካል እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አይመለስም። በዚያ ላይ የፍጥነት መለኪያው ፊት ያዋርድሃል። የእርሳሱ ክብደት በግሬን (በጥይት የክብደት መለኪያ)፣ በፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 125 መድረስ አለበት። 124 ግሬን በ1000 ጫማ ብትተኩስ 124 ነው፤ በአንድ ቁጥር ጎድሎ ውጤትህ በሙሉ ዜሮ ይሆናል።

ባዶ ቀለሃ፦
አፍንጫውን ከደፋማ በእኔ ግምት ነገሩ የካዝና ነው። ልምምድ ላይ ካዝና የምትቀይረው ቆመህ ነው፤ የወጣውን ኪስህ ትከታለህ። ውድድር ላይ ግን ሮጠህ አሸዋ ላይ ትጥለዋለህ፣ አንዳንዴም ትረግጠዋለህ። በሚቀጥለው ዙር ያንኑ አንሥተህ ሳታጸዳ ትሞላዋለህ። ውስጡ አሸዋ ገብቶ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ሞላ እየዘገየ ነው፣ ወይም የካዝናው የላይኛው ከንፈር ተጣሟል። ዛሬ ማታ አራቱንም ፍታቸውና በደረቅ ጨርቅ ጥረጋቸው። ውስጣቸውን ዘይት አትቀባ፤ ዘይት አሸዋ ይጋብዛል። ከንፈሮቻቸውን ጎን ለጎን አስተያይ። ግርጌያቸው ላይ በቀለም ቁጥር ጻፍ። ነገ ተኩስ ቦታ ሄደህ እያንዳንዳቸውን ሞልተህ ተኩስ፤ የነከሰው ከዳተኛው እሱ ነው። ከነገ ወዲያ ቤት ይቀመጥ።

ፈጣኑ እግር፦
ነገ ምን አስኬደው? በውድድሩ ጠዋት መሣሪያ መፈተሻው ቦታ ላይ የልምምድ ባዶ ጥይት ሞልቶ መሞከር ይችላል።

አዛውንቱ ዳኛ፦
እንዲህ ዓይነት ምክር ነው ሰው የሚያሳጣን! እዚያ ቦታ ጥይት መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ባሩድ የሌለበት የልምምድ ጥይት እንኳ ቢሆን። ልጁ አንድ ጥይት ሳይተኩስ ከውድድሩ ይባረራል። እኔ ራሴ በዚህ ሰው አባርሬያለሁ፤ እያለቀሰ ነው የሄደው።

ፈጣኑ እግር፦
አላወቅሁም ነበር፣ ይቅርታ።

ጀማሪው፦
ፈታኋቸው። ከአንዱ ካዝና ውስጥ የወጣውን አሸዋ ብታዩ! የሌላው ከንፈር ደግሞ በአንድ በኩል ከፈት ያለ ይመስላል፤ ወይም ዓይኔ ነው። በፒንሳ ጠበብ ላድርገው?

ሞላ ጠጋኝ፦
አትንካው!

ባዶ ቀለሃ፦
አትንካው። ቁጥር ጻፍክባቸው?

ሒሳብ ይሻላል፦
ውድድሩ አልፎ አራት ቀን ሆነው። ጀማሪው፣ እንዴት ሆነ? የኤዎቹን ብዛት ብቻ እንኳ ንገረን።

መታ አድርገህ ሳብ፦
በፒንሳ ጠበብ አድርጎት ይሆናል።

እንግዳ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እኔም ልክ እንደ እርሱ ነው የገጠመኝ፤ ካዝና ከቀየርኩ በኋላ ይነክሳል። ነገ ጠዋት ውድድር አለኝ፣ እባካችሁ ፈጥናችሁ።

ባዶ ቀለሃ፦
ካዝናዎችህ ስም አላቸው?