ቨርብ ወይስ ግሥ? ወይስ ሁለቱም ይቅሩ?

አስተናጋጁ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። የዛሬው ክርክር እዚሁ ደሴ ከአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ የመጣ ነው። አንድ አባት ተነሱና እንዲህ አሉ። «ልጄ 5ኛ ክፍል ነው። ስለ ናውን፣ ስለ ቨርብ፣ ስለ አድጀክቲቭ ሲጠየቅ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ያንበለብለዋል። ትናንት ምን በላህ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጠይቁት፤ ጣራ ጣራ ያያል።» ስለዚህ እስከ 6ኛ ክፍል እነዚህ የቃል ክፍል ስያሜዎች ከነጭራሹ ይቅሩ ባይ ናቸው። ሌሎች ወላጆች ደግሞ ይቅሩ ሳይሆን በአማርኛ ይሰጡ አሉ። መምህራኑ ሁለቱንም አልተቀበሉም።

ለማስታወስ ያህል፣ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። 9ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆናል። ፊዚክሱም ታሪኩም። ጉዳዩ ቀላል አይደለም ለማለት ነው። ስድብና ፖለቲካ አይፈቀድም። ቀጥሉ።

የሁለት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)፦
እኔ በአማርኛ ይሁን ከሚሉት ነኝ። የተማርኩት እስከ 8ኛ ነው። ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል ሲባል ገና አልረሳሁትም። ልጄ ማታ ደብተሩን ይዞ ይመጣና «እማ፣ ኮንጃንክሽን ምንድነው?» ይለኛል። ምን ልበለው? መስተፃምር ነው ቢሉት እኮ «እና፣ ወይም፣ ግን» ብዬ እነግረዋለሁ። ቤት ውስጥ የሚያግዘው ሰው እንዲኖር ከተፈለገ እኛ በምናውቀው ይነገረው። ለአስጠኚ የሚከፍል አቅም ያለው ስንቱ ነው?

የእንግሊዝኛ መምህር (ሐይቅ)፦
እትዬ፣ ያሉት ይገባኛል። ግን የአማርኛው ስያሜ ሁልጊዜ ይገጥማል ያለው ማነው? አድቨርብን «ተውሳከ ግሥ» ብዬ ባስተምር ልጁ ግሥን ብቻ የሚገልጽ ይመስለዋል። «ቬሪ ቢግ» ላይ ያለው «ቬሪ» ግን የሚገልጸው ቅጽልን ነው። ፕሪፖዚሽንን «መስተዋድድ» ብል ደግሞ በአማርኛ «ጠረጴዛው ላይ» ነው የምንለው። «ላይ» ከኋላ ይመጣል። በእንግሊዝኛ «ኦን ዘ ቴብል» ነው፤ ከፊት ይቀድማል። «ዘ» ራሷስ? እኛ «ቤቱ» ስንል «ኡ»ን ቃሉ ላይ ለጥፈን ጨረስን። ለብቻው የቆመ ቃል የለንም። ልጆቹ «ዘ»ን የሚረሱት ሰንፈው አይደለም፣ በአፋቸው ስለሌለ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝን ልንገራችሁ። ልጁ በአማርኛ «ሀብታሙ መጣ» ይላል። ትክክል ነው። ቅጽሉ ብቻውን ቆሞ ሰው ይሆናል። ይህንኑ ይዞ «ዘ ሪች ኬም» ብሎ ይጽፋል። በእንግሊዝኛ «ዘ ሪች» ሀብታሞችን በጅምላ ነው፣ አንድ ሰው አይሆንም። «ዘ ሪች ማን» ማለት አለበት። ሁለቱም ቅጽል ናቸው ብዬ ካስተማርኩት እኔው ነኝ ያሳሳትኩት። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስሙ ይማረው። 9ኛ ክፍል ሲደርስም አይደነግጥም።

12ኛ ክፍል (ወልድያ)፦
ቲቸር ይቅርታ ግን 9ኛ ክፍል ደነገጥን እኮ 😅 ስያሜውን በእንግሊዝኛ ተምረንም። ባዮሎጂ መጽሐፍ ከፍቼ አንዱን አንቀጽ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። አድጀክቲቩ የቱ እንደሆነ ማወቄ አልጠቀመኝም። ቃሉን ነው የማላውቀው። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። የወደቀው ሁሉ የናውንን ትርጉም ሸምድዷል፣ ልማልላችሁ።

አስጠኚ (ደሴ)፦
ወንድሜ፣ በዚያ ዓመት የኛ አካባቢ ተማሪ በጦርነት ውስጥ አልፎ ነው የተፈተነው። ሁሉንም ሰዋስው ላይ አትጫነው።

12ኛ ክፍል (ወልድያ)፦
እሱስ ልክ ነህ። 3.3 ግን የወሎ ብቻ አይደለም፣ የአገሩ ነው።

ደረሳ የነበረ (ቦሩ ሜዳ)፦
ቢስሚላህ። ስያሜ ይቅር የምትሉ ሰዎች ግርም ትሉኛላችሁ። ወሎ እኮ የነህው አገር ነው። የዐረብኛ ሰዋስው ለመቅራት ደረሳው ከሩቅ አገር ድረስ ስንቁን ይዞ ይመጣ ነበር። ሸሆቹ ዘንድ መጀመሪያ የምትሰማው ቃል በሦስት ይከፈላል የሚለውን ነው። ኢስም፣ ፊዕል፣ ሐርፍ። በቃ። ስም፣ ግሥ፣ ሌላው ሁሉ ሐርፍ። ያንን በቃልህ ትይዛለህ። ከዚያ ሸሁ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይሰጥህና ቃል በቃል ያስፈታሃል። ይህ ምንድነው? ለምን መጨረሻው ኡ ሆነ? ለምን ኢ ሆነ? ስያሜ የሌለው ሰው እንዴት ይህን ይጠይቃል? እንዴትስ ይመልሳል?

የቋንቋ ምሩቅ (ደሴ)፦
ወንድም ደረሳ ጥሩ ነገር አነሳ። ሦስት! እንግሊዝኛው ስምንት ነው ተብለን ያደግነው። ስምንቱ ግን ከእንግሊዝኛ ተፈጥሮ የወጣ ቁጥር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዲዮኒሲዮስ ትራክስ የሚባል የግሪክ ሊቅ ቋንቋውን ስምንት ቦታ ከፈለው። በሱ አከፋፈል አርቲክል (እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ያለው) አለ፣ ቅጽል ግን ራሱን የቻለ ክፍል አልነበረም፤ ስም ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ሮማውያን ላቲን አርቲክል ስለሌለው አወጡት፤ በምትኩ ቃለ አጋኖን (ኢንተርጀክሽንን) አስገቡና ስምንቱን ሞሉ። እንግሊዞች ከላቲን ወረሱ። እኛ ደግሞ ከነሱ።

በኛም አገር ተመሳሳይ ነው። የአማርኛ ሰዋስው ጸሐፊው መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ለአማርኛ ስምንት ክፍል ቆጠሩ። ፕሮፌሰር ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት ሥራ አምስት አደረጉት። ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግሥና መስተዋድድ። አማርኛው ያው ነው፣ የቆጣሪው መስፈርት ነው የተለየው። እንግዲህ ለ10 ዓመት ልጅ ስምንቱን እንደ ሃይማኖት ቀኖና የምናስይዘው ለምንድነው?

ወላጅ (ከሚሴ)፦
እኔ የምለው፣ «በአማርኛ ይሰጥ» የምትሉት ለማን ነው? በእኛ ዞን ልጆቹ የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ ራሱ ለነሱ ሌላ ትምህርት ነው። ስምን «ማቃ» ብለው ነው የሚያውቁት። እንግሊዝኛን በአማርኛ ስያሜ አስረዷቸው ብትሉ አንዱን እንግዳ በሌላ እንግዳ ማስተዋወቅ ነው። ወሎ ማለት ደሴና ኮምቦልቻ ብቻ አይደለም።

የሁለት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)፦
ወላሂ ይህን አላሰብኩትም። እንግዲያው «ልጁ በሚማርበት ቋንቋ» ይባል። ሐሳቤ ግን ያው ነው።

ጡረተኛ መምህር (ላሊበላ)፦
ልጆቼ፣ እስካሁን ዝም ያልኩት የደረሳውን ቃል እያሰብኩ ነው። እውነቱን ነው፣ ግን ግማሹን ነው የተናገረው። እኔ በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ፊደል፣ ንባብ፣ ከዚያ ዳዊት ደገምን። ስለ ግሥ አረባብ አንድም ቃል የነገረን አልነበረም። ያ የሚመጣው ቅኔ ቤት ስትገባ ነው። ያኔ ጆሮህ በግዕዝ ተሞልቷል። የኔታ «ቀተለ» ብለው ሲያስጀምሩህ ቃሉን ሺህ ጊዜ ሰምተኸዋል፤ አሁን ስም ወጣለት እንጂ አዲስ ነገር አልመጣብህም። ደረሳውስ? አንተ ልጅ፣ ነህው ከመጀመርህ በፊት ቁርኣን አልቀራህም?

ደረሳ የነበረ (ቦሩ ሜዳ)፦
ቀርቻለሁ አያ። መጀመሪያ እሱ ነው። ብዙው ደረሳ ኪታብ ሳይነካ ቁርኣኑን ያኸትማል።

ጡረተኛ መምህር (ላሊበላ)፦
ይኸው! በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። መጀመሪያ ጆሮና አፍ፣ ሰዋስው ከዚያ በኋላ። የዛሬ ልጅ ግን አንድ ሙሉ ገጽ እንግሊዝኛ ሳያነብ «ኤ ቨርብ ኢዝ አን አክሽን ወርድ» ይሸመድዳል። በየኔታ ሥርዓት እንዲህ ያለ ልጅ ገና ፊደል ላይ ነበር የሚቆየው። እኔ ስያሜ ይቅር አልልም። ቦታው ይስተካከል ነው የምለው።

የእንግሊዝኛ መምህር (ሐይቅ)፦
አያ፣ በዚህ እስማማለሁ። ስለ ትርጉሙ አንድ ነገር ልጨምር። «ቨርብ ድርጊት ነው» ሲባል አንዷ ተማሪዬ «ታዲያ ኢዝ ምን እየሠራ ነው?» አለችኝ። ልክ ናት፣ ምንም አይሠራም። «ኤክስፕሎዥን» ደግሞ ፍንዳታ ነው፣ ከሱ የበለጠ ድርጊት የለም፣ ግን ናውን ነው። ትርጉሙ ራሱ ያሳስታል። አሁን የምጠይቃቸው ቃሉ ከነማን ጋር እንደሚቀመጥ ነው። ፊቱ ላይ «ዘ» ይገባል? እንግዲያው ብዙ ጊዜ ናውን ነው፤ ግን «ዘ ቢግ ሃውስ» እንደሚባለው መሃል ላይ ቅጽል ሊገባ ይችላል። መጨረሻው ላይ «ኢዲ» ጨምረህ ወደ ትናንት ትወስደዋለህ? ቨርብ ነው። «ዎተር»ን እዩ። «ድሪንክ ዘ ዎተር» ውስጥ ናውን፣ «ዎተር ዘ ፍላወርስ» ውስጥ ቨርብ። ቃሉ አንድ ነው፣ ሥራው ሁለት። ልጁ «ውሃ ናውን ነው» ብሎ ከሸመደደ ሁለተኛውን መቼም አይገባውም።

ባህር ማዶ (ለንደን፣ ትውልዱ መርሳ)፦
እዚህም ያው ጭቅጭቅ ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች በሰዋስውና በፊደል አጻጻፍ ይፈተናሉ። ልጄ «ፍሮንትድ አድቨርቢያል» የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ የሚመጣ፣ መቼና እንዴት የሚለውን የሚገልጽ ሐረግ ነው። የጎረቤቴ እንግሊዛዊ ወላጆችም አያውቁትም። ቋንቋው የእናታቸው ነው፣ ስያሜው ግን እንግዳ ነው። ሳያውቁት ይናገራሉ፣ ይጽፋሉ፣ ደሞዝ ይበላሉ።

አስጠኚ (ደሴ)፦
ባህር ማዶ፣ እነሱ ሲያድጉ ቀኑን ሙሉ ይሰሙታል። የኛ ልጅ የት ይሰማዋል? ጎዳና ላይ? በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ ሰምቶ ከጆሮው የሚማር ልጅ የለም። እኔ ጋ የሚመጡት 7ኛ እና 8ኛ ክፍሎች ስያሜውን ካላወቁ ስህተታቸውን ላርምበት የምችልበት ቋንቋ የለኝም። «ሺ ሲንግስ ቢዩቲፉል» ሲል «እዚህ አድቨርብ ነው የሚገባው» እለዋለሁ። በሁለት ሰከንድ አለቀ። ያለ ስያሜ ምን ብዬ ላስረዳው?

12ኛ ክፍል (ወልድያ)፦
ከዚያ «ኤልዋይ ጨምር» ትለዋለህ። ጨምሮ «ሂ ወርክስ ሃርድሊ» ይላል።

የእንግሊዝኛ መምህር (ሐይቅ)፦
😂 ይህን ወድጄዋለሁ። «ሂ ወርክስ ሃርድ» ተግቶ ይሠራል ነው። «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ጭራሽ አይሠራም ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። «ፋስት» ደግሞ ምንም አይጨመርበትም፣ ቅጽልም ተውሳከ ግሥም ራሱ ነው። ግን አስጠኚው እውነት አለው። የማረሚያ ቋንቋ ያስፈልጋል። እኔ የምፈልገው ስምንት ሳይሆን አራት ነው። ናውን፣ ቨርብ፣ አድጀክቲቭ፣ ፕሪፖዚሽን። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ፣ ካነበቡት ታሪክ ላይ እየለቀሙ። አድቨርብ 7ኛ ይምጣ። ኢንተርጀክሽን ግን «ዋው» እና «አውች» መሆኑን ለማወቅ ክፍለ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም።

አስተናጋጁ (ደሴ)፦
እኔ ወደ አያ አደላለሁ። ስብሰባው ላይ የተነሱት አባት ሕመሙን በትክክል አይተዋል፣ መድኃኒቱን ግን አበዙት። ስያሜው ይቆይ፣ ይቀንስ፣ ከንባብ በኋላ ይምጣ። ይህን ለወላጅ ኮሚቴው ላቀርብ አስቤያለሁ። ተቃውሞ ያለው?

የሁለት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)፦
እኔ አለኝ። አራቱም ቃላት ደብተሩ ላይ ሲጻፉ ከጎናቸው በልጁ ቋንቋ ይጻፉ። መምህሩ እንዳይገጥም የፈራውን ያስረዳው። እኔ ግን ማታ ላይ ላግዘው።

ወላጅ (ከሚሴ)፦
በኛ በኩል በኦሮምኛ።

የእንግሊዝኛ መምህር (ሐይቅ)፦
ይሁን። ግን ልጆቹ ከምኑ ላይ ነው የሚያነቡት? አንዱን መጽሐፍ እየተቀባበሉ ነው የሚማሩት። ኮሚቴው ጋ ስትሄድ መጀመሪያ ይህን ጠይቅልኝ። አጫጭር ታሪክ ያለው መጽሐፍ ለክፍሉ ካልተገኘ አያ ያሉት ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ይቀራል፣ እኔም ነገ ተመልሼ ትርጉም ማስሸምደድ ነው።