«ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ»

ጠያቂው፦ ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ ለፒኤችዲ ላመለክት ነው። ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። የማስተርስ አማካሪዬን ብጠይቃቸው «ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» አሉኝ። ማመልከቻው የሚዘጋው ዲሴምበር 1 ነው። ልጻፈው ወይስ ይቅርብኝ?

ጻፈው ባይ፦ ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ጻፈዋ! ስንቱ እንዲህ አድርጎ አይደል የሄደው። መምህሩ ኮርሱ፣ ፈተና እርማቱ፣ ስብሰባው አናቱ ላይ ወጥቶበታል። ያላጠፋኸውን ጥፋት አንተ ለምን ትከፍላለህ?

ከአሜሪካ፦ ቆይ ወንድሜ። ማመልከቻው ላይ አንዲት ሳጥን አለች። «ደብዳቤውን የማየት መብቴን ትቻለሁ» ትላለች። ፈርፓ ከሚባለው የአሜሪካ ሕግ (1974 እ.ኤ.አ.) የመጣች ናት፤ ተማሪ ከገባ በኋላ መዝገቡን ማየት ይችላል። ሰው ግን መብቱን ይተዋል፣ አመልካቹ ያላየው ደብዳቤ ይበልጥ ስለሚታመን። አንተ ታዲያ ራስህ የጻፍከውን «አላየውም» ብለህ ልትፈርም ነው?

እኔም አድርጌው አውቃለሁ። ሦስቱንም በአንድ ሌሊት ጻፍኩ። ሦስቱም «ታታሪና ትጉህ» ይሉኛል። ሦስቱም ላይ ያው አንድ ቃል በዚያው ፊደል ተሳስቷል። በዚያ ዓመት የትም አልገባሁም። በእሱ ይሁን በሌላ እንጃ፣ ፋይሉን ስከፍተው ግን አፍራለሁ።

መምህርቷ፦ እኔ ከፈራሚዎቹ ወገን ነኝ። ተማሪው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ይመጣል። 70 ሰው ከነበረበት ክፍል መልኩን እንጂ ሥራውን አላስታውስም። ደብዳቤ ጽፎ አያምጣልኝ፣ ማስታወሻ ያምጣልኝ፦ ትራንስክሪፕቱን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን አጭር ማጠቃለያ፣ የት የት እንደሚያመለክት። የቀረውን እኔ እጽፈዋለሁ። ማኅተም ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ አይዙር፤ ደብዳቤው የሚገባበት ሊንክ የሚመጣው በእኔ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ነው። «በስምዎ ጂሜይል ልክፈት?» ያለኝም አለ። ወጣ በልልኝ አልኩት።

ጻፈው ባይ፦ እንደ እርስዎ ያለ መምህር ከተገኘማ ማን ይጠላል! አማካሪው እምቢ ካሉ ግን የልጁ ዓመት ተቃጠለ። ለአንድ ማመልከቻ ብቻ 75 ዶላር የሚሉ አሉ። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሒሳቡን እናንተው አስሉት።

ከአሜሪካ፦ ለክፍያው ዌቨር፣ ማለትም ከክፍያ ነፃ እንዲያደርጉት፣ ይጠይቅ። ቢሮው ኢሜይል ተጽፎለት የሚሰርዝ ብዙ ነው።

ከስዊድን፦ እናንተ ሁሉን ነገር አሜሪካ አደረጋችሁት። እዚህ የፒኤችዲ ቦታ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል። 4 ዓመት ነው፣ ደመወዝ አለው፣ የትምህርት ክፍያ የለውም። እኔን የጠየቁኝ የሁለት ሰው ስምና ስልክ ብቻ ነበር። መጨረሻው ዙር ስደርስ አማካሪዬ ጋ ደወሉ። «ሙከራው ሲበላሽበት ምን ያደርጋል?» ነበር ጥያቄው። ይሄን ማን ጽፎ ይሰጣል?

ጻፈው ባይ፦ ለአንድ ቦታ ስንት ሰው እንደሚያመለክት ግን አልነገርከንም።

ከስዊድን፦ እሱስ እውነት ነው። እኔም የገባሁት በዘጠነኛው ሙከራ ነው።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህርት እንዳሉት ማስታወሻዬን በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ዛሬ አማካሪዬ ቢሮ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት። «ይሄማ አለቀለት እኮ» አሉኝ፣ «አሁን በእኔ ስም አድርገህ አምጣው።»

ሌላ መምህር ልፈልግ ነው።