ሰው ሰራሽ እግር የምታደርጉ፣ ቆዳችሁን ምን ታደርጉታላችሁ?

ባለባጃጁ፦
ሰላም ወገኖች። አዳማ ነው የምኖረው፣ ባጃጅ ነው የምሰራው። ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው ሰራሽ እግር ካደረግኩ ደግሞ ዓመት አለፈኝ። መጀመሪያ ላይ ምንም አልነበረውም፣ ሙቀቱ ከገባ ወዲህ ግን አበሳዬን እያየሁ ነው። ከጉልበቴ ስር ዙሪያውን ያሳክከኛል፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ክብ ክብ ነገር ወጥቶበታል። የጉቶው ጫፍ ደግሞ ጠቁሮ እንደ ኪንታሮት ሸካራ ሆኗል፣ አንዳንዴ ውሃ ያዣል። ከፋርማሲ ቅባት ገዛሁ፣ ለሳምንት ጸጥ አለና ከበፊቱ ሰፍቶ መጣ። እግሩ ስለላላኝ ጠዋት ሦስት ካልሲ ደርቤ ነው የማጠልቀው፣ ማታ ካልሲውን ስጨምቀው ውሃ ይወጣዋል ብላችሁ ታምናላችሁ? ቤት ልቀመጥ አልችልም፣ ባጃጁ የሰው ነው፣ በየቀኑ ገቢ አስገባለሁ። የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

የፍራንኮ ልጅ፦
ነጭ ሽንኩርት ወቅጠህ እሰርበት ወንድሜ። ለጭርት ፍቱን ነው፣ እናታችን ሁላችንንም በሱ ነው ያዳነችን።

ነርሷ፦
ኧረ ተው! ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ታስሮ ሲቆይ ቆዳ ያቃጥላል። በዚያ ላይ ሶኬት (ጉቶው የሚገባበት የሰው ሰራሽ እግሩ ክፍል) ሲጠለቅበት አስበው እስቲ።

ባለባጃጁ፣ የገዛኸው ቅባት ስሙ ምንድነው? ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ከሆነ ስቴሮይድ ነው። ማሳከኩን ያስታግስልሃል፣ ፈንገስ ከሆነ ግን ከስር ተደብቆ ይስፋፋል። ሰፍቶ የመጣው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳም ያሳሳል፣ ያንተ ቆዳ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሸክም ያለበት ነው። ክብ ክቡ በወሬህ ጭርት ይመስላል፣ ሳላየው ግን አልምልም። ጤና ጣቢያ አሳየው። ጭርት ነው ካሉህ እንደ ክሎትሪማዞል ያለ የፈንገስ ቅባት ያዙልሃል፣ ብዙ ጊዜ በቀን 2 ጊዜ ይቀባል። ሰዉ የሚሳሳተው ማሳከኩ ሲተወው እሱም ቅባቱን ስለሚተው ነው። ምልክቱ ከጠፋ በኋላም 2 ሳምንት ያህል ቀጥልበት። ቀብተህ ወዲያው አታጥልቅ፣ ይድረቅ።

መግል ከያዘ፣ ዙሪያው ከሞቀና ካበጠ ወይም ካተኮሰህ ግን እግሩን አውልቀህ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂድ። ስኳር ካለብህ ደግሞ ትንሿንም ቁስል አትናቃት።

ሀዋሳ 30 ዓመት፦
ልጄ፣ እኔ በሰው ሰራሽ እግር መሄድ ከጀመርኩ 30 ዓመት አልፎኛል። ነርሷ ያለችው ልክ ነው፣ ለክብ ክቡ። ለጫፉ ግን ቅባት አትፈልግ፣ ጥፋቱ የሶኬቱ ይመስለኛል። ሦስት ካልሲ ስትል ነው የነቃሁት።

እስቲ አንድ ነገር ሞክር። ብይ የምታህል የዳቦ ሊጥ በስስ ፌስታል ጠቅልለህ ሶኬቱ ውስጥ ታች ጣላት። እንደወትሮህ ካልሲህን ደርበህ አጥልቅ፣ ቆመህ ክብደትህን ጣልበት፣ ከዚያ አውልቀህ ሊጧን እያት። ከተጠፈጠፈች ጫፉ ታች ይደርሳል ማለት ነው። እንደ ድቡልቡልነቷ ከወጣች ግን ጉቶህ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከላይ ሶኬቱ ያንቀዋል፣ ከታች የሚደግፈው የለም፣ ስለዚህ ደሙም ውሃውም ጫፉ ላይ ይጠራቀማል። የሚጠቁረውም የሚሸክረውም ያኔ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅባት ስቀያይር ከርሜ ይችን የሊጥ ነገር ያሳየኝ አንድ የሰው ሰራሽ እግር ቴክኒሻን ነው (እሱ በሸክላ ጭቃ ነበር የሚያደርገው)። ሶኬቱ ሲቀየር ወራት ቢፈጅም እየለሰለሰ ሄደ።

ጉቶ በመጀመሪያው ዓመት ይከሳል፣ ያለ ነው። አንተ የከሳውን በካልሲ ስትሞላ ወደ ላይ እየገፋኸው ይሆናል። ካልሲ ደግሞ ጠዋት በአንዴ አይደረብም። ጉቶ ጠዋት ሞላ ይላል፣ ከሰዓት ይሟሽሻል፣ ሲላላህ ነው አንድ የምትጨምረው። ስታወልቀው የቀረው አሻራ በ20 ደቂቃ ካልጠፋ እዚያ ቦታ ላይ ጫና አለ። ቀይ ይሆናል ይላሉ፣ የእኛ ቆዳ ግን ይጠቁራል እንጂ አይቀላም። የእጅህን ጀርባ አስነካውና ከሌላው ቦታ ይሞቅ እንደሆነ እይ። ለስር ለስሩ ትንሽ መስታወት ያዝ።

ሲሊኮኗ፦
እኔም አዳማ ነኝ፣ የማደርገው የሲሊኮን ሊነር ነው፣ ከሶኬቱ በፊት ጉቶው ላይ የሚጠለቅ ለስላሳ ሽፋን። በዚህ ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ ካላወለቅኩና ላቡን ካላደረቅኩ አልችለውም፣ ሰው አየኝ አላየኝ ማለት ትቻለሁ። ጉቶዬን የምታጠበው ማታ ነው፣ ምክንያቱም ጠዋት ታጥበሽ ሳይደርቅ ካጠለቅሽው ቆዳው ርሶ ይላጣል። ሊነሩንም ማታ ማታ ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ ደህና አድርጎ ማለቅለቅ። ባንዴ ይጽዳልኝ ብዬ በልብስ ዱቄት ሳሙና አጥቤው ቀሪው ሳሙና ሳምንት ሙሉ አንገብግቦኛል። ፀጉሩንም አትላጨው፣ እየበቀለ ወደ ውስጥ ይገባና ብጉንጅ ይሆንብሃል።

ባለባጃጁ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅባቱ ክሎቤታሶል ነው፣ አሁን አየሁት። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር፣ ጭርት ነው ብለው ቀይረውልኛል። ለጫፉ ካልተሻለህ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ትታያለህ አሉኝ።

ጋሼ፣ ሊጡንም ሞከርኩት። ድቡልቡል እንዳለች ወጣች! ሁለት ካልሲ ቀንሼ ስደግመው ተጠፈጠፈች፣ ግን እግሩ ይወዛወዝብኛል፣ እንዲህ ሆኖ መስራት ከባድ ነው። እግሩን የሰሩልኝ ጋ ደውዬ ለሰኞ ቀጥረውኛል።

ሀዋሳ 30 ዓመት፦
ጎሽ። ሰኞ ስትሄድ ሦስቱንም ካልሲ አድርገህ ሂድ፣ አጣጥበህ ተለባብሰህ እንዳትቀርብላቸው። ስንት እንደምትደርብ በዓይናቸው ይዩት። ያቺን ሊጥም አሳያቸው።