የኦዜትን ሦስት ማዕዘን ከልጆችና ከእናት ጋር በአንድ ቀን ዞሮ መመለስ ይቻላል ወይ?

የሬንተን ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። ከሲያትል ወደ ደቡብ ወጣ ብለን የምንኖር ቤተሰብ ስንሆን በመጪው ነሐሴ በኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ የባሕር ዳርቻ በእግር ለመጓዝ አስበናል። የምንሄደው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ13 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ዘንድሮ ከደሴ ልትጠይቀን የመጣችው የ66 ዓመት እናቴ ነን።

ሐሳቤ የኦዜትን ሦስት ማዕዘን መዞር ነው። ከኦዜት ሐይቅ ተነሥተን በጫካ ውስጥ ወደ ኬፕ አላቫ፣ ከዚያ ባሕሩን ይዘን ወደ ሳንድ ፖይንት፣ ከዚያም በሌላ የጫካ መንገድ ወደ መኪናችን እንመለሳለን። ሦስቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው 3 ማይል ገደማ ስለሆኑ ድምሩ ከ9 ማይል ብዙም አይርቅም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዳገት ስትወጣና ስትወርድ የኖረች ሴት ናት፤ ይህኛውን መንገድ በካርታ ሳየው ደግሞ ዳገት የሚባል ነገር አይታይበትም። ስለዚህ 5 ሰዓት ያህል ይበቃናል ብዬ ገምቻለሁ። ግምቴ ትክክል ነው ወይ? ጠዋት ከቤት ስንት ሰዓት ብንነሣ ይሻላል? ውጭ ማደር አንፈልግም።

ባለ ከዘራው

ግምትዎ ለየብስ መንገድ ቢሆን ምንም አይወጣለትም ነበር። በዚያ ዳርቻ ግን ከማይሉ ቀድሞ የሚጠየቀው ባሕሩ የሚሸሽበት ሰዓት ነው፤ እሱን ሳያውቁ የመነሻ ሰዓት መቁረጥ አይቻልም።

እኛ የደጋ ሰዎች የምናውቀው የወንዝ ሙላትን ነው። ወንዝ የሚሞላው ላይ አገር ሲዘንብ ስለሆነ ደመናውን አይተን እንጠነቀቃለን። ይህ ባሕር ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስም በሌለበት ቀን ይሞላል። በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሁለቱ ሽሽቶችም እኩል አይደሉም፣ አንደኛው ከሌላው ዝቅ ይላል። የባሕሩን መሙያና መሸሻ ሰዓት በሚያሳየው ሰንጠረዥ ላይ ዜሮ የሚባለው የዚህ ዝቅ የሚለው ሽሽት አማካይ ከፍታ በመሆኑ፣ የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁጥር ካዩ ባሕሩ በዚያን ቀን ከወትሮው ርቆ ይሸሻል ማለት ነው። ያችን 50 ደቂቃ አይናቋት፤ በየቀኑ እየተጨመረች በሳምንቱ ወደ 6 ሰዓት ስለምትደርስ፣ ባለፈው ቅዳሜ ባሕሩ ሸሽቶ ባገኙበት ሰዓት በዚህኛው ቅዳሜ ሞልቶ ይጠብቅዎታል።

በኦዜት ይህ ሁሉ የሚመለከተው በኬፕ አላቫና በሳንድ ፖይንት መካከል ያለውን የባሕር ዳር ክፍል ነው። ውኃው ሲሸሽ እርጥብና ጠንካራ መሬት ያገኛሉ። ሲሞላ ግን የሚቀርልዎ ከእግር ሥር የሚንከባለል ክብ ጠጠር፣ የባሕር አረም የለበሰ አለትና ባሕሩ የተፋው ግንድ ስለሆነ፣ ከልጅና ከአዛውንት ጋር እሱን እየተሻገሩ መሄድ ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል። ከኬፕ አላቫ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ የሚያገኙት ዌዲንግ ሮክስ የሚባለው ቦታ ወደ ባሕር የወጣ ገደል አለው። ውኃው የገደሉን እግር ከነካ በሥሩ ለማለፍ አይሞክሩ፤ ከዳርቻው ቀና ብለው ቀይና ጥቁር ቀለም የተቀባውን ክብ ምልክት ይፈልጉ፤ በላይ በኩል የሚያሻግረው የእግር መንገድ የሚጀምረው ከእሱ ሥር ነው። እዚያው አለቶቹ ላይ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማካዎች አባቶች የቀረጿቸው ዓሣ ነባሪዎችና የሰው ፊቶች አሉ፤ ባለ ሸራ መርከብም ተቀርጾ ይታያል። ልጆቹ በዓይን እንጂ በእጅ እንዳያዩአቸው ይንገሩልኝ።

ስለ ግንዶቹም አንድ ነገር ልጨምር። በዳርቻው የተከመሩት አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት የሚወፍሩ ናቸው። ልጅ ሲያያቸው መጫወቻ ይመስሉታል፤ ነገር ግን ባሕሩ እየሞላ ሳለ ጉልበት የማይደርስ ውኃ እንኳ ያንን የሚያህል ግንድ አንሥቶ ያንከባልለዋል፤ በዚህም የሞቱ ሰዎች አሉ። ውኃው ወደ ግንዶቹ በተጠጋ ጊዜ ማንም እላያቸው ላይ መቆም የለበትም።

ሰንጠረዡን የሚያወጣው ኖአ የሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ነው፤ ላ ፑሽ በሚለው ጣቢያ ይፈልጉ። በወረቀት የታተመ ከሆነ የአሜሪካው በጋ (ነሐሴም ያለበት) የአንድ ሰዓት ጭማሪ የታሰበበት መሆን አለመሆኑን ከግርጌው ያንብቡ። ኦዜት የስልክ ኔትወርክ ስለሌለ ቅጂውን ከቤት ይዘው ይሂዱ።

እግረኛው

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ ኦዜትን አልመክርም። ምክንያቴ ሳንቃው ነው። የሁለቱ የጫካ መንገዶች ብዙው ክፍል መሬቱ ረግረግ በመሆኑ በእንጨት ሳንቃ የተነጠፈ ነው፤ ያ አካባቢ በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ ስለሆነም ሳንቃው እንደ እርጥብ ድንጋይ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፤ ጤዛ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የእናትዎን ጉልበት አልጠራጠርም፤ ግን በዳገት የሠለጠነ እግር ተረከዙን ተክሎ ነው የሚራመደው፤ እዚያ ሳንቃ ላይ የሚጥለው ደግሞ ይኸው ልማድ ነው። ባለ ጠንካራ ሶል የተራራ ጫማ የባሰ ያንሸራትታል፤ ለስላሳ ጎማ ይሻላል።

በእኔ አስተያየት ሪያልቶ የሚባለው ሌላው የፓርኩ ባሕር ዳር ይሻላችኋል። መኪናው እስከ ዳርቻው ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን አንድ ማይል ተኩል ገደማ ሲሄዱ ማዕበል የበሳው ትልቅ አለት አለ፤ ባሕሩ ሲሸሽ በቀዳዳው ሾልኮ ማለፍ ይቻላል። ደክሟችሁ ከመንገድ ብትመለሱም ያጣችሁት ነገር አይኖርም። ኦዜት ላይ ግን ግማሹን ከሄዱ በኋላ መመለስም መቀጠልም እኩል ነው።

በዚያው በሪያልቶ የደረሰብኝን ልንገርዎ። ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ ከሀገር ቤት መጥተው ከወንድሜ ልጆች ጋር ወሰድኳቸው። ባሕሩ የሚሸሸው ማለዳ ስለነበረ በቀዳዳው አልፈን ከአለቱ ማዶ ባሉት ኩሬዎች ውስጥ አረንጓዴ አበባ የሚመስሉትን እንስሳትና ኮከብ ዓሦቹን ስናይ ቆየን። ትንሿ ልጅ ስለበረዳት ወደ መኪናው መለስኳት፤ ለአባቴም «ከ10 ሰዓት በፊት በቀዳዳው ተመልሳችሁ ውጡ» አልኳቸው። እኔ ያሰብኩት የአሜሪካኑን 10፣ ማለትም ረፋዱን 4 ሰዓት ነው። አባቴ እንደ ሀገር ቤቱ አቆጣጠር በሞሉት የእጅ ሰዓታቸው አይተው ገና ከስድስት ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ አለን ብለው ከልጁ ጋር ተደላድለው ተቀመጡ። ስመለስ ቀዳዳው ውስጥ ውኃው እየጮኸ ይገባል ይወጣል። ከአለቱ በላይ የሚያሻግረውን አቀበት ወጥቼ ማዶ ስደርስ አባቴ ጋቢያቸውን እላያቸው ላይ ጠምጥመው፣ ጫማቸው ርሶ፣ ልጁን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ «አንተ፣ ባሕሩ ከቀጠሮው ቀድሞ መጣ» አሉኝ። ባሕሩስ በሰዓቱ ነበር የመጣው። በላይ በኩል ይዣቸው ተመለስኩ፤ ከጫማው በቀር የደረሰባቸው ነገር የለም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰዓት ስናገር በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳልጨምር አላልፍም።

የሬንተን ነዋሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰዓቱን ነገር ሳነብ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ግን እኔም ትናንት ማታ ከእናቴ ጋር የተነጋገርኩት በሀገር ቤቱ ቁጥር መሆኑ ትዝ አለኝና ሳቄን ዋጥኩት።

ሪያልቶን ተቀብያለሁ። ሁለት ነገር ግን ይቀረኛል። እናቴ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ስለምትጾም በባዶ ሆዷ ላስኬዳት አልደፍርም። ሌላው፣ ባሕሩ የሚሸሸው ማለዳ ከሆነ ከሬንተን ተነሥተን እንዴት እንደርሳለን?

የሐይቁ ዳር

ሁለቱም ጥያቄዎችዎ አንድ መልስ አላቸው፤ እሱም ቀኑን መግፋት ነው።

በዚህ ዳርቻ በአሜሪካው በጋ፣ ነሐሴም ባለበት የሙቀት ወራት፣ ዝቅ የሚለው ሽሽት በአብዛኛው የሚውለው ማለዳና ረፋድ ላይ ነው፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ወደ ሌሊት ይዞራል። ከእናንተ ዘንድ እስከ ሪያልቶ በጀልባም ተሻግራችሁ፣ በታኮማም ዞራችሁ ከአራት ሰዓት ያላነሰ መንገድ ስለሚወስድ፣ ውጭ አናድርም ካላችሁ እኩለ ሌሊት አልፎ መነሣት ይኖርባችኋል። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሰው ደግሞ ልጅና እናት ይዞ አለት ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ። ስለዚህ ከዋዜማው ሄዳችሁ ፎርክስ ከተማ እደሩ፤ ከዚያ ሪያልቶ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ድንኳን ለመትከል የሚያስብ ካለ ግን በዳርቻው ለማደር አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት፣ ምግቡንም ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ መያዝ ግዴታ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ይበልጥ የሚያስቸግሩት ራኩን የሚባሉት ምግብ የሚሰርቁ ትናንሽ አውሬዎች ናቸው።

የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 22 ይፈታል፤ ትምህርት ቤት እስኪከፈት በመካከሉ ጥቂት ቀናት ይተርፋሉ። ለእነዚያ ቀናት ሰንጠረዡን አውጥታችሁ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ባሕሩ የሚሸሽበትን ቀን ምረጡ፤ ዝቅ ብሎ ከሚደርስበት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድማችሁ ከመኪናው ከወጣችሁ፣ ውኃው ገና እየሸሸ አለቱ ዘንድ ትደርሳላችሁ፤ መመለሻውንም ሳትጣደፉ ታገኛላችሁ። የመግቢያው ክፍያ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሆኖ ለ7 ቀን ያገለግላል።

ጊዜ ከተረፋችሁ በማግስቱ ወደ ሰሜን፣ የማካዎቹ መኖሪያ ወደሆነችው ኒያ ቤይ ድረሱ። በፈረንጆቹ 1970 ማዕበል የባሕሩን ዳር ሲያጥበው ኦዜት ላይ በጭቃ ናዳ ተቀብረው የኖሩ የማካ ቤቶች ብቅ አሉ፤ ቁፋሮው 11 ዓመት ፈጅቷል። ጭቃው አየር ስላላስገባ ቅርጫቱ፣ የእንጨት ሣጥኑና የሽመና ዕቃው ሳይበሰብስ ወጥቶ ዛሬ ኒያ ቤይ ባለው በማካዎቹ ሙዚየም ይታያል። እናትዎ እንዝርትና ሸማ የሚያውቁ ከሆነ ከባሕሩ ይልቅ እሱ ሊበልጥባቸው ይችላል።

የሬንተን ነዋሪ

ፎርክስ አልጋ ይዘናል። ሰንጠረዡንም እናቴ ዘንድ ተቀምጬ በወረቀት ገለበጥኩት፤ በግራ በኩል የአሜሪካኑን ሰዓት፣ በቀኝ በኩል የእኛን ጻፍኩ። የእጅ ሰዓቷን ልቀይርልሽ ብላት እምቢ ስላለችኝ ወረቀቱ ላይ የቀኙን ረድፍ በቀይ አስምሬ ሰጠኋት፤ እሷም አጣጥፋ ከመነጽሯ ጋር አስቀመጠችው።