በማርበርግ ምክንያት ወደ አርባ ምንጭና ጂንካ ያሰብነውን የቤተሰብ ጉዞ እንሰርዝ?

ጥያቄ፦ የጦሳ ጎረቤት (ደሴ)፣ ኅዳር 2018

አሰላሙ ዓለይኩም፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ዘንድሮ ዕቁብ ስለደረሰኝ ባለቤቴን፣ የስምንተኛና የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆኑ ሁለት ልጆቼንና ከእኛ ጋር የምትኖረውን እናቴን ይዤ፣ በመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት፣ ማለትም በጥር መጨረሻ፣ ወደ ደቡብ ለመሄድ አቅጄ ነበር። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን ሄደን፣ እዚያ ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ገበያን፣ ነጭ ሳር ፓርክንና የዶርዜን ሸማኔዎች ካየን በኋላ፣ በኪራይ መኪና በኮንሶ በኩል ጂንካ ገብተን ማጎ ፓርክንና የቀይ አፈርን የሐሙስ ገበያ ጎብኝተን እንድንመለስ ነበር ያሰብኩት። ቲኬቱ ተቆርጧል፤ ለማረፊያውና ለመኪናውም ቀብድ ከፍያለሁ።

ጤና ሚኒስቴር ኅዳር 5 ቀን በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱን፣ በአገራችንም የመጀመሪያው መሆኑን ካስታወቀ ወዲህ ግን ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል። ባለቤቴ ጉዞው ጨርሶ ይቅር ትላለች። ታላቁ ልጄ ካርታ ዘርግቶ አርባ ምንጭና ጂንካ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያስረዳታል። እናቴ ደግሞ «እኔን ትታችሁ ሂዱ» ብላ ነገሩን አክብዳዋለች፤ የስኳር ሕመም አለባት፣ እሷን ትተን የምንሄደው ጉዞ ደግሞ የእኔ ሐሳብ አልነበረም። ለጥቂት ሳምንታት እንዳልገፋው የካቲት ላይ ረመዳን ይገባል፣ ልጆቹም ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ።

ስለዚህ ማወቅ የምፈልገው፣ በሽታው የታየው ጂንካ ሆኖ ሳለ አርባ ምንጭ ድረስ ብቻ መሄድ ያሰጋ እንደሆነ፣ ውሳኔውን አሁን ከመስጠት እስከ መቼ ብንጠብቅ ተገቢ እንደሚሆን፣ እንዲሁም የእናቴ ሕመም ነገሩን ምን ያህል እንደሚለውጠው ነው።

መልስ፦ ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወዓለይኩም ሰላም። በእኔ እምነት ይሰርዙት። የሄዱት ለመዝናናት ከሆነ፣ በየማረፊያው በር ላይ ማን እንደነካው እያሰቡ፣ ልጅ ራሴን አመመኝ ባለ ቁጥር እየደነገጡ የሚያሳልፉት ሳምንት ዕረፍት ሊባል አይችልም። ገንዘቡ ቢጠፋ በሌላ ዙር ዕቁብ ይመለሳል። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ እናትዎ ሳይደክሙ፣ ልጆቹም ጀልባ ተሳፍረውና ዓሣ በልተው ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ባለቤትዎ ትክክል ናቸው።

መልስ፦ ነርስ ከደሴ

እዚሁ ደሴ በአንድ ጤና ተቋም አገለግላለሁ። የምጽፈው ጠቅላላ ማብራሪያ ስለሆነ፣ እናትዎን በተመለከተ የመጨረሻውን ቃል የሚከታተሏቸው ሐኪም ይስጡ።

ሰው ሁሉ ስለ ማርበርግ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ያህል እንደሚገድል ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን በማርቡርግና በፍራንክፈርት፣ እንዲሁም በቤልግሬድ፣ ከኡጋንዳ ለምርምር በመጡ ጦጣዎች ላይ ይሠሩ በነበሩ ሰዎች ላይ ከታወቀ ወዲህ፣ የሞት መጠኑ እንደየወረርሽኙ ከ24 እስከ 88 በመቶ ሲለያይ ቆይቷል። ይህ ቁጥር ያስፈራል፤ ነገር ግን የሚነግረን በበሽታው የተያዘ ሰው ስለሚጠብቀው አደጋ ስለሆነ፣ አንድ መንገደኛ የመያዝ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ከእሱ ማወቅ አይቻልም። ለእርስዎ ውሳኔ የሚጠቅመው መተላለፊያ መንገዱ ነው። ማርበርግ እንደ ኮቪድ በአየር አይዛመትም፤ የሚተላለፈው የታመመ ወይም የሞተ ሰው ደም፣ ትውከት፣ ተቅማጥና ሌላም የሰውነት ፈሳሽ፣ ወይም በዚህ የተበከለ ልብስና አንሶላ ሲነካ ነው፤ ምልክት ያልታየበት ሰው ደግሞ አያስተላልፍም። በዚህም ምክንያት ቀድመው የሚጠቁት አስታማሚዎች፣ አስከሬን የሚያጥቡና የሚገንዙ ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኛ የጤና ባለሙያዎች ነን። ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተያዙት 66 ሰዎች አብዛኞቹ የጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ 15ቱ ሞተዋል።

ጎብኚን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር ግን አለ። ቫይረሱ በተፈጥሮ የሚኖረው ፍራፍሬ በሚመገቡ፣ በዋሻ ውስጥ በሚሰፍሩ የሌሊት ወፎች ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አንዲት የኔዘርላንድ ጎብኚ ሕይወቷ ያለፈው ኡጋንዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ዋሻ ጎብኝታ ከተመለሰች በኋላ ነበር። ስለዚህ የትኛውም ደቡባዊ ጉዞ ላይ ልጆቹን ወደ ዋሻም ሆነ ወደ አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ አያስገቧቸው።

እንግዲህ እኔ ለቤተሰብዎ የምፈራው ከማርበርግ ይልቅ ወባን ነው፤ የዚህን ምክንያት ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። አርባ ምንጭ ቆላ ነው፣ ወባ አለበት። የደሴ ልጆች በደጋ ስላደጉ ወባን የሚቋቋም አቅም አላዳበሩም። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸውንና 1,157 ሰዎች መሞታቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጾ ነበር። የወባ ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከንክሻው አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ማለትም ደሴ ከተመለሳችሁ በኋላ ነው፤ የማርበርግ ምልክት ደግሞ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ሁለቱም የሚጀምሩት በድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ በከባድ ራስ ምታትና በቁርጥማት በመሆኑ በዓይን አይለዩም። ጂንካ ደርሶ የመጣ ልጅ እንዲህ ታሞ ሆስፒታል ቢገባ፣ ሐኪሙ ወባ ነው ብሎ ወዲያው ሊያሰናብተው አይችልም፤ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ልጁ ይለያል፣ የቤተሰቡ አባላትም ክትትል ይደረግባቸዋል። እንደሚያውቁት በእኛ አገር የታመመ ሰው ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠይቃል፤ ያ ቤት በዚያ ሳምንት ምን እንደሚመስል ይገምቱት። ጂንካ ያልረገጠ ልጅ ግን የደም ምርመራ ተደርጎለት መድኃኒቱን ይዞ ይመለሳል።

በመሆኑም የጂንካውን ክፍል አሁኑኑ ቢተዉትና የአርባ ምንጩን እያዩ ቢቆዩ እመክራለሁ። ሁለቱም ከተሞች በአንድ ክልል፣ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ቢሆኑም፣ በጂንካ በሽታ መኖሩ ብቻውን አርባ ምንጭ ላይ ጀልባ መሳፈርን አደገኛ አያደርገውም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በእንዲህ ያለ ጊዜ ጉዞ ይታገድ አይልም። እስከ መቼ ልጠብቅ ላሉት፣ ወረርሽኙ አብቅቷል የሚባለው የመጨረሻው ታማሚ በምርመራ ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠ ወይም ሞቶ ከተቀበረ በኋላ 42 ቀን ያለ አዲስ ታማሚ ሲያልፍ ነው። ቆጠራው ለምሳሌ ታኅሣሥ 15 ቢጀመር ጥር 27 ያልቃል ማለት ነው። የሩዋንዳው ከታወጀበት ከሴፕቴምበር 27 እስከ ዲሴምበር 20 ቀን 2024፣ ከሦስት ወር ትንሽ ያነሰ ጊዜ ወስዷል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቆጠራው ተጀምሮ ከሆነ፣ አርባ ምንጭም ላይ ታማሚ ካልተገኘ ይሂዱ፤ አዲስ ታማሚ ገና እየተመዘገበ ከሆነ ይተዉት።

የእናትዎ ስኳር በማርበርግ የመያዝ ዕድላቸውን አይጨምርም፤ ነገር ግን በማንኛውም ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ስኳራቸው ይዛባል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነም በአርባ ምንጭ ሙቀት መድኃኒቱን በቀዝቃዛ ቦታ የማቆየቱ ጉዳይ አስቀድሞ መታሰብ ይኖርበታል።

መልስ፦ የደቡብ መንገድ ሹፌር (ኮምቦልቻ)

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ኑሮዬ ግን እንግዳ ይዞ በአርባ ምንጭና በጂንካ መካከል መመላለስ ነው። ይህ ወረርሽኝ እንጀራዬን ስለነካው ሂዱ ብል ለራሴ ስል እንደሆነ ትገምቱ ይሆናል፤ ያም ሆኖ በነርሷ ሐሳብ እስማማለሁ። ጂንካ ያለው ሰው እንግዳ ቢመጣለት ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን የከተማው ጤና ተቋማት በዚህ ሥራ ተወጥረው ሳለ፣ ከሩቅ አገር ሕፃናትና አዛውንት ይዞ ሄዶ አንዱ ቢታመም ለእነሱም ሸክም መጨመር ነው።

ወንድሜ ቦርከና ሁሉም ይሰረዝ ያለው ግን ተጣድፎ ይመስለኛል። ሰው «ደቡብ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ሐዋሳንም፣ አርባ ምንጭንም፣ ዶርዜንም በአንድነት ይሰርዛል፤ በወሎ አንድ ወረዳ በሽታ ገባ ቢባል እና ሰው ላሊበላንም ሐይቅንም ቢሸሽ ምን እንደሚሰማን አስቡት።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎች ጂንካን ለፋሲካ ሰሞን ሊያዛውሩት ሲያስቡ አያለሁ። አያድርጉት። ደቡብ ኦሞ ዝናቡ እንደ እኛ በሐምሌና በነሐሴ አይደለም የሚበረታው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ያኔ ወደ ማጎ የሚወስደው መንገድ መኪና ያስራል። ይልቁንም ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ በሐምሌ፣ ደሴ በጉምና በዝናብ ስትሸፈን፣ እዚያ በአንጻሩ ደረቅ ይሆናል።

ቀብዱን በተመለከተ፣ ይመለስልኝ ብለው ከጠየቁ ክርክር ይነሣል፤ ለሌላ ቀን ይያዝልኝ ቢሉ ግን በዚህ ሰዓት እምቢ የሚል አስጎብኚ ብዙ አይኖርም። ስምምነቱን በስልክ ብቻ አይተዉት፤ የተከፈለውን ገንዘብ መጠንና አዲሱን ወር ጠቅሰው በጽሑፍ ያስልኩ። የአውሮፕላኑን ቲኬት ደንብም ዛሬውኑ ያንብቡ፤ ከበረራው በፊት ቀን ማስለወጥና ሳያሳውቁ መቅረት በገንዘብ ረገድ በጣም ይለያያሉ።

መልስ፦ የጦሳ ጎረቤት (ጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የነርሷን ጽሑፍ ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ስለ ወባውና ስለ ትኩሳቱ የተጻፈው ጋ ስደርስ «እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አለች፣ ምንም እንኳ ስለ ወባ አንድም ጊዜ ባታነሳም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አርባ ምንጭ ብቻ ሄደን ብንመለስስ፣ ልጅ ቢያተኩሰው የት ሄጄ ምን ልበል? ለወባውስ አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት አለ?

መልስ፦ ነርስ ከደሴ

ለወባ አስቀድመው የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉ፤ ምርጫቸው በዕድሜ፣ በክብደትና በሌላ ሕመም ይወሰናል። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም፤ እናትዎ ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር የሚስማማውንም ሐኪም ማየት አለበት። ስለዚህ ከጉዞው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው አምስታችሁም ተመርመሩ። መድኃኒቱ ኖረም አልኖረ በአጎበር መተኛትና ከመሸ በኋላ ረጅም እጅጌ መልበስ አይቀርም፤ ማረፊያውን ሲያነጋግሩ አጎበር መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት 21 ቀናት ትኩሳት ቢነሣ፣ ፋርማሲ ገብተው ማስታገሻ ገዝተው ነገሩን አይሸፍኑት። ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት፣ በር ላይ፣ የት እንደነበራችሁና መቼ እንደተመለሳችሁ ተናገሩ። ብዙ ሰው እንዳይለዩት ፈርቶ የሄደበትን ይደብቃል፤ ይህ ግን የሚያክመውን ባለሙያ ያለ ጓንት እንዲነካው ማድረግ ነው። ከቤት ሳይወጡ መጠየቅ ከፈለጉ በኮቪድ ጊዜ የምናውቀው 8335 ነጻ መስመር አለ።

መልስ፦ የጦሳ ጎረቤት (ጠያቂው)

ተግባብተናል። የጂንካውን ክፍል ለሐምሌ አዛውረነዋል፤ የመኪናው ባለቤት ቀብዱ እንደተያዘ እንዲቆይ በጽሑፍ ተስማምቶልኛል። የአርባ ምንጩን ጉዳይ ደግሞ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የ42 ቀኑ ቆጠራ መጀመር አለመጀመሩን አይተን እንወስናለን፤ ካልተጀመረ ቲኬቱን አስለውጣለሁ፣ የዕረፍቱን ሳምንት ቦርከና እንዳለው ሐይቅ እናሳልፈዋለን። እናቴ በሚቀጥለው የክትትል ቀጠሮዋ ሐኪሟን ትጠይቃለች። ማረፊያው ስለ አጎበሩ ገና አልመለሰልኝም።