በሃይቴንሽን ጎን የሚሄድ የሾህ ሽቦ አጥር ይነዝራል፤ ግራውንዱ በአንድ ጫፍ ነው በሁለት?

ባለአጥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። አምስት ረድፍ የሾህ ሽቦ በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ተመትቷል፤ ርዝመቱ 400 ሜትር ነው። ከ132 ኪሎ ቮልት መስመር 20 ሜትር ርቆ ጎን ለጎን ይሄዳል። ከመብራት ጋር የትም አይገናኝም። በበጋ ሲነኩት ይነዝራል፣ ቴስተር ያበራል፣ ማልቲሜትር ከመሬት ጋር 200 ቮልት ገደማ ያነባል። ዝናብ ሲዘንብ ግን ይጠፋል። ሳይነካካ እንዴት ተላለፈ? አንዱ ባለሙያ ግራውንድ (አጥሩን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ የተቀበረ ዘንግ) በሁለቱም ጫፍ ቅበር ይላል፣ ሌላው በአንዱ ብቻ። የማንን ልስማ?

ሳብስቴሽን፦
ዝናብ ሲዘንብ መጥፋቱ ነገሩን ግማሽ ፈትቶታል። ያነበብከው 200 ቮልት የመጣው ከመስመሩ ቮልቴጅ ነው እንጂ በመስመሩ ከሚሄደው ከረንት አይደለም። የመስመሩ ሽቦና አጥርህ አየር በመሃላቸው ይዘው ካፓሲተር (ሳይነካኩ ቻርጅ የሚይዙ ሁለት ብረቶች) ይሆናሉ፤ አጥሩና መሬቱም እንዲሁ። ቮልቴጁ ለሁለቱ ይከፋፈላል። የደረቀ ባሕር ዛፍ ቻርጁን አያወርደውም፤ ሲርስ ግን በቋሚው በኩል ወደ መሬት ይፈሳል።

የአጥሩን ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) 4.5 ናኖ ፋራድ ብንል፣ በ50 ኸርዝና በ200 ቮልት የሚወጣው 0.3 ሚሊ አምፒር አካባቢ ነው። በጣም ትንሽ ነው። የሚያስደነግጥህ እጅህ ሽቦውን በነካበት ቅጽበት ባንዴ የሚወርደው ቻርጅ ነው።

ይሁንና ሳትለካ አትመን። ከቤት የሚሄድ ፌዝ (መብራት ያለበት ሽቦ) አጥሩን ነክቶት ቢሆንም ቴስተር ያው ያበራል፤ ሁለቱን አይለይልህም። በሽቦውና በመሬት በተተከለ ብረት መካከል ማልቲሜትሩን አድርግ፣ ከእሱ ጎን 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በፓራለል ጨምር። መጀመሪያ የመሬቱን በኩል እሰር፣ ከዚያ የአጥሩን በክሊፕ ያዝ። ቮልቱ ወደ 2 ወይም 3 ከወረደ ኢንዳክሽን ነው፤ ከመስመሩ ሳይነካካ የተላለፈ ማለት ነው። ካልወረደ፣ ወይም መሃል ላይ ከቆመ፣ የሆነ ቦታ እውነተኛ ፌዝ እየፈሰሰ ነውና አጥሩን አትንካ፤ ለመብራት ኃይል ደውል። ሬዚስተሩ የ10 ዋት ይሁን። እውነተኛ 220 ቮልት ካገኘው 5 ዋት ገደማ ስለሚበላ ሩብ ዋቱ ወዲያው ይቃጠላል።

ትይዩ፦
ላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። የግራውንዱ ጥያቄ ግን የሚፈታው በከረንቱ በኩል ነው። ሽቦ ውስጥ የሚሄድ ቻርጅ በዙሪያው ማግኔቲክ ፊልድ ይፈጥራል፤ ፊልዱ በተለዋወጠ ቁጥር ደግሞ አጠገቡ ባለው ብረት ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ ይህን ሁለተኛውን ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 አሳይቷል። እንደ ባትሪ የማይለዋወጥ ከረንት ቢሆን ኖሮ በአጥርህ ላይ ምንም አይፈጠርም ነበር። የኛ 50 ኸርዝ ግን በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫ ይቀይራል።

ይህኛው ቮልቴጅ በሽቦው ርዝመት ልክ እየተደመረ ይሄዳል። ፌዞቹ ጎን ለጎን በ4 ሜትር ተራርቀው ቢሆን፣ በ20 ሜትር ርቀት ለእያንዳንዱ 100 አምፒር በኪሎ ሜትር 2.2 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ ሦስቱ እርስ በርስ ስለሚጣፉ ነው ያነሰው። አንድ ፌዝ መሬት ሲነካ መጣፋቱ ይቀራል፤ 100 ኦም ሜትር (አፈሩ ከረንትን የሚከለክልበት መጠን) ባለው አፈር ላይ በዚያው 100 አምፒር ወደ 24 ቮልት ይወጣል። 1000 አምፒር ፎልት (እንዲህ ያለ የመስመር ብልሽት) ቢመጣ በ400 ሜትር አጥርህ ላይ 96 ቮልት መሆኑ ነው፤ መስመሩ እስኪቆረጥ ድረስ ብቻ ቢሆንም።

ስለዚህ በአንድ ጫፍ ብቻ ግራውንድ ካደረግህ 96ቱ በሙሉ በሌላኛው ጫፍ ይቆማል። በሁለቱም ጫፍ ብትቀብር በየጫፉ ወደ 48 ይወርዳል፣ ግን በአጥሩና በመሬቱ በኩል ዘወትር የሚዞር ከረንት ትፈጥራለህ። መሃል ላይ አንድ ግራውንድ ያንኑ 48 ይሰጥሃል፣ የሚዞር ነገርም የለም። ሁለቱም ባለሙያዎች ርዝመቱን ረስተውታል! አጥሩን በየ100 ሜትሩ ቁረጠው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ መሃሉ ላይ ግራውንድ አድርግ፤ ጫፉ ላይ የሚቀረው 12 ቮልት ነው። በቁራጮቹ መካከል 2 ሜትር ክፍተት ትተህ በእንጨት አጥረው፣ ሰው ሁለቱን ባንዴ እንዳይጨብጥ።

ባለአጥር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሬቱ መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። የግራውንዱ ዘንግ ስንት ኦም መሆን አለበት?

ሳብስቴሽን፦
ለአጥር ብዙ አያስጨንቅም፤ 0.3 ሚሊ አምፒር በ1000 ኦም ላይ እንኳ 0.3 ቮልት ብቻ ነው። 1.5 ሜትር የጋልቫናይዝድ ቧንቧ በ100 ኦም ሜትር አፈር 60 ኦም አካባቢ ይሰጣል። መረሬ ሲሰነጠቅ ከዘንጉ ስለሚላቀቅ ከስንጥቁ በታች ጠልቆ ይመታ፤ ውሃ የሚተኛበት ዝቅ ያለ ቦታ ካለ እዚያ ይሻላል። አምስቱንም ረድፍ በአንድ ቁልቁል ሽቦ አያይዛቸው፣ ዝገቱን ፍቀህ በክላምፕ አጥብቅ። መዳብ ከጋልቫናይዝድ ጋር ከተገናኘ ዚንኩን ስለሚበላው ሽቦውም ጋልቫናይዝድ ይሁን።

ትይዩ፦
የብረት በር ካለህ ለብቻው ግራውንድ ይደረግ። ግራውንዱን ከታወሩ (መስመሩን ከተሸከመው የብረት ምሰሶ) እግር ጋር ወይም ከቤቱ ኒውትራል (የመብራቱ መመለሻ ሽቦ) ጋር በፍጹም እንዳታገናኝ። መብረቅ ወይም ፎልት ሲመጣ የታወሩ እግር በሺዎች ቮልት ሊነሳ ይችላል፤ አጥርህም አብሮት ይነሳል። አዲስ ሽቦ ስትወጥር ደግሞ ግራውንዱን አስቀድመህ እሰር፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሥራውን አቁም።