ጣና ላይ ኦክሲጅኑ በዛብን፣ የታችኛው ፎስፌት ዘለለብን፤ የት ላይ ተሳሳትን?

ደቅ ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጣና ላይ በስምንት ጣቢያ የውሃ ጥራት እየተከታተልን ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች ጉማራና ርብ ሐይቁ የሚገቡበት ላይ ናቸው፤ አንዱ ከግልገል ዓባይ መግቢያ ፊት ለፊት፣ አንዱ ባሕር ዳር ወደብ አጠገብ፣ የቀሩት አራቱ መሃል ሐይቁ ላይ። ያለን ዕቃ ሞተር ጀልባ፣ ባለ 2 ሊትር የቫን ዶርን ውሃ መቅጃ፣ ባለ ብዙ ሴንሰር መለኪያ፣ ሴኪ ዲስክ (በገመድ እየወረደ ውሃው እስከ ምን ጥልቀት እንደሚያሳይ የሚለካ ሳህን) እና ሁለት የበረዶ ሣጥን ነው።

የመጀመሪያው ዙር ውጤት አላማረንም። አንደኛ፣ የላይኛው ውሃ 22 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ኦክሲጅኑ በሁሉም ጣቢያ 8.6 እና 8.7 ሚሊግራም በሊትር አሳየን። ማለዳ ነበር፤ ውሃውም አረንጓዴ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ከታች የቀዳነው ውሃ ፎስፌት (አልጌ የሚመገበው የፎስፈረስ ዓይነት) በሦስት ጣቢያዎች ብቻ ከላዩ አራት እጥፍ ሆነ። ሦስተኛ፣ ለክሎሮፊል (የአልጌውን መጠን ለሚያሳየው አረንጓዴ ቀለም) ስናጣራ 100 ሚሊ ሊትር እንኳ ሳያልፍ ፊልተሩ ይደፈናል።

ቀጣዩ ዙር ሐምሌ ላይ ነው። በትልልቅ የምርምር መርከቦች ላይ ያለውን አሠራር ለእንደኛ ዓይነት ጀልባ እንዴት እንደምናወርደው የምታውቁ እባካችሁ እርዱን።

ዘጌ 12

የኦክሲጅኑ ጉዳይ የከፍታ ጉዳይ ነው። ጣና ከባሕር ወለል 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ የአየር ግፊቱ 615 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው እንጂ 760 አይደለም። ውሃ 22 ዲግሪ ሲሆን በባሕር ወለል ላይ የሚይዘው ሙሉ ኦክሲጅን 8.7 ነው፤ ጣና ላይ ግን ወደ 7.0 ይወርዳል። የእናንተ ቁጥር ከባሕር ወለሉ ጋር አንድ ሆኖ መውጣቱ ራሱ ምልክት ነው፤ መለኪያውን ካሊብሬት ስታደርጉ (ንባቡን ከታወቀ ልክ ጋር ስታስተካክሉ) ግፊቱ 760 ተብሎ ገብቷል።

እንዲህ አድርጉ። የካሊብሬሽን ኩባያው ውስጥ አንድ ጣት የማይሞላ ውሃ ጨምሩ፣ ሴንሰሩ ላይ የውሃ ጠብታ እንዳይቀር በለስላሳ ወረቀት አድርቁት፣ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ግጠሙና 10 ደቂቃ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ክዳኑ ጥብቅ ከተደረገ ውስጡ ግፊት ይፈጠርና ንባቡ ይዛባል። ከዚያ የዕለቱን ትክክለኛ ግፊት አስገቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ፦ የአየር ትንበያ ወይም ስልክ የሚሰጣችሁ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕር ወለል ተስተካክሎ የተነገረ ስለሆነ 1,785 ሜትር ላይ አያገለግልም። መለኪያው የራሱ ባሮሜትር ካለው እሱን ተጠቀሙ፤ ከሌለው ከፍታውን በጂፒኤስ ይዛችሁ ከሠንጠረዥ አውጡ።

ሌላው የሚያሳስተው በመቶኛ የሚታየው ንባብ ነው። አንዳንድ መለኪያዎች መቶኛውን የሚያሰሉት ከባሕር ወለል አንጻር ነው። በእነዚህ ላይ ጣና ላይ 81 በመቶ ማለት ውሃው ሞልቷል ማለት እንጂ ኦክሲጅን ጎደለው ማለት አይደለም። ሪፖርት ላይ “81 በመቶ፣ ብክለት አለ” ተብሎ ከተጻፈ ስህተቱ የሐይቁ አይደለም።

በቀን አንድ ጣቢያ ላይ በዊንክለር (ኦክሲጅንን በኬሚካል በሚለካው ዘዴ) አረጋግጡ። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ የመቅጃው ቱቦ ታች እስኪደርስ አስገብታችሁ ውሃው ሞልቶ እስኪፈስ ቅዱ። 1 ሚሊ ሊትር ማንጋነስ ሰልፌት፣ ቀጥሎ 1 ሚሊ ሊትር አልካላይን አዮዳይድ አዛይድ ጨምራችሁ ክደኑና አገላብጡት። ቡናማው ዝቃጭ ሲሰፍር 1 ሚሊ ሊትር ኮንሰንትሬትድ ሰልፈሪክ አሲድ። ከዚህ በኋላ ከብርሃን ከተከለለ ማታ ላብ (ላቦራቶሪ) ሲደረስ ቲትሬት ይደረጋል፤ ማለትም መጠኑ በጠብታ መፍትሔ ይለካል። ከመለኪያው ጋር ከ0.3 ሚሊግራም በሊትር በላይ ከተለያየ ካሊብሬሽኑን ድገሙት።

ሚሽጋን ዳር

ስለ ታችኛው ፎስፌት ከመመለሴ በፊት ሦስት ጥያቄ አለኝ። ጥልቀቱን የለካችሁት በምንድን ነው? መልህቅ ጥላችሁ ምን ያህል ቆይታችሁ ነው የቀዳችሁት? ውሃውን ያጣራችሁትስ መቼ ነው?

ደቅ ማዶ (ጠያቂ)

ጥልቀቱን በሴኪ ገመድ ላይ ክብደት አስረን እስከ ታች ጥለን ነው የለካነው። መልህቁን እንደጣልን ወዲያው ጀመርን። ያጣራነው በማግሥቱ ላብ ውስጥ ነው።

ሚሽጋን ዳር

እንግዲያው መልሱ እናንተው ጋ አለ። ክብደቱ ጭቃውን አነሣው፣ መልህቁ ደገመው፣ ከዚያ ያንኑ ደመና ነው የቀዳችሁት።

በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ የምትሠራው ሌክ ጋርዲያን የምትባለው መርከብ (55 ሜትር ገደማ ርዝመት አላት) አሠራሯ ከዚህ ተቃራኒ ነው። በክብ ፍሬም ላይ የታሰሩ ጠርሙሶችና ሴንሰሮች አፋቸውን ከፍተው በአንድነት ይወርዳሉ። ሲወርዱ ሙቀት፣ ኦክሲጅንና ድፍርስነት በየጥልቀቱ ስክሪን ላይ ይታያል፤ ጠርሙሶቹ የሚዘጉት ሲመለሱ፣ በተመረጠው ጥልቀት ላይ ነው። ቁም ነገሩ ሁለት ነው፦ መጀመሪያ ሐይቁን አይተህ ከዚያ መቅዳት፣ መሬቱን ደግሞ አለመንካት።

ወደ ጀልባ ሲወርድ እንዲህ ይሆናል። ጥልቀቱን ዓሣ አስጋሪዎች በሚጠቀሙበት ትንሽ የድምፅ መለኪያ እወቁ። መልህቁን በቀስታ ከፊት አውርዱ፣ ገመዱንም የጥልቀቱን ሦስት እጥፍ ልቀቁለት፤ ጀልባዋ ከመልህቁ ርቃ ትቆማለች። ሞተር አጥፉና 15 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ መለኪያውን በየሜትሩ እያቆማችሁ አውርዱ፤ ከወለሉ 1 ሜትር ሲቀረው ይቁም። ውሃ መቅጃውን ንፋሱ በሚመጣበት ጎን፣ ከሞተሩ ርቃችሁ አውርዱ፤ ሞተሩ ውሃው ላይ የሚተወው የዘይት ሽፋን ናሙና ውስጥ እንዳይገባ። መቅጃው ጥልቀቱ ላይ ደርሶ ግማሽ ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ የመዝጊያውን ክብደት ልቀቁ። ከተቀዳው ውሃ ቀድሞ የሚወጣው የኦክሲጅኑ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል።

እውነተኛ የታች ፎስፌትና የተነሣ ጭቃ የሚለዩበት መንገድ አለ። ፎስፌቱ በእርግጥ ከደለሉ እየወጣ ከሆነ እዚያው ጥልቀት ላይ ኦክሲጅን አብሮ ይወርዳል። ኦክሲጅኑ ሳይወርድ ድፍርስነቱ ብቻውን ከዘለለ ጭቃ ነው። የሦስቱን ጣቢያዎች መዝገብ በዚህ ዓይን መልሳችሁ እዩት።

ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ስለሆነ ንፋስ በቀላሉ ያማስለዋል። እዚህ ታላላቅ ሐይቆች ላይ ዋናው ልኬት በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ በጸደይ የውሃው ሙቀት ከላይ እስከ ታች ወጥ ሲሆንና በበጋ ማብቂያ ሞቃቱ በቀዝቃዛው ላይ ሲደራረብ። ይህን የጊዜ ሰሌዳ ወደ ጣና አትገልብጡት። ለእናንተ የሚበጀው ከክረምት በፊት፣ ክረምት መሃል፣ ጥቅምት ወይም ኅዳር፣ እና የካቲት አካባቢ ነው። እያንዳንዱን ጣቢያ ደግሞ በየዙሩ በተመሳሳይ ሰዓት ድረሱበት። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነሥቶ ያማሰለውን ውሃ ከማለዳው ጋር ማወዳደር ምንም አይነግራችሁም።

የላብ ሰው

በማግሥቱ ማጣራት ለፎስፌት አይሆንም። የጣና ደለል ፎስፈረስን ይይዛል፣ ይለቃልም፤ ጠርሙሱ ውስጥ ሌሊቱን ያደረ ውሃ የጀልባው ላይ ውሃ አይደለም። እዚያው በስሪንጅና በ0.45 ማይክሮን ፊልተር አጣሩ፣ የመጀመሪያውን 10 ሚሊ ሊትር ድፉ፣ ከዚያ ጠርሙሱን በተጣራው አጥባችሁ ሙሉ። በረዶ ውስጥ ይቀመጥና በ48 ሰዓት ውስጥ ይለካ። ለጠቅላላ ፎስፈረስ ግን ሳይጣራ፣ በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ወርዶ ይቀመጣል፤ ይህኛው 28 ቀን ይቆያል።

ጠርሙሶቹን በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ዘፍዝፋችሁ በዲአዮናይዝድ (ጨው በወጣለት ንጹሕ) ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ኦሞ ዱቄት እንዳይጠጋቸው።

ለክሎሮፊሉ መድኃኒቱ ፓምፑን ማጠንከር አይደለም። ግፊቱ ሲበዛ አልጌው ይፈነዳና ክሎሮፊሉ አብሮ ያልፋል። ውሃው ድፍርስ ከሆነ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ አጣሩ፣ መጠኑን በትክክል መዝግቡ፣ ካልበቃ ሁለት ሦስት ፊልተር አንድ ላይ አድርጋችሁ አውጡ። ፊልተሩ ጂኤፍኤፍ የሚባለው የመስታወት ክር፣ 47 ሚሊ ሜትር ይሁን። ፀሐይ እንዳያገኘው ጥላ ሥር አጣሩ፤ ለሁለት አጥፋችሁ በፎይል ጠቅልሉና ላብ እስኪደርስ በረዶ ላይ፣ ከዚያ ፍሪዘር። ስታነቡ የ750 ናኖ ሜትሩን ቁጥር (ከድፍርሱ የሚመጣውን የብርሃን ንባብ) መቀነስ አትርሱ፤ ሐምሌ ላይ ያ ቁጥር ትልቅ ነው።

ለአልጌ ቆጠራ ሉጎል (አልጌውን ሳይበላሽ የሚያቆይ የአዮዲን መፍትሔ) ጨምሩ፤ ውሃው የቀጭን ሻይ ቀለም ሲይዝ በቃው። በቡናማ ብርጭቆ ጠርሙስ ይሁን፤ ፕላስቲክ አዮዲኑን ይመጥና ከሳምንታት በኋላ ናሙናው ገርጥቶ ታገኙታላችሁ።

በየዙሩ አንድ ጣቢያ ላይ ድርብ ናሙና ቅዱ። አንድ ጠርሙስ ዲአዮናይዝድ ውሃም ጀልባው ላይ ልክ እንደ ናሙና አጣርታችሁ አምጡ። እሱ ላይ ፎስፌት ከወጣ ጥፋቱ ከእጃችሁ ወይም ከዕቃችሁ ነው።

ርብ ድልድይ

ሁለት ነገር ልጨምር። ጂፒኤሳችሁ በየትኛው ዳተም (ካርታ ላይ ቦታ የሚለካበት መነሻ) ላይ ነው? የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን ናቸው፤ ጂፒኤስ ሲመጣ ደብሊውጂኤስ 84 ላይ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚጽፈው የካርታ ሥርዓት) 200 ሜትር ገደማ ትስታላችሁ። መሃል ሐይቁ ላይ ግድ የለም፤ ጉማራ መግቢያ ላይ ግን 200 ሜትር ማለት በወንዙ ቀይ ውሃና በሐይቁ ውሃ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሌላው እምቦጭ ነው። በሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ጣቢያችሁን ከሸፈነው ወደ ጎን ሸሽታችሁ “ያው ነው” ብላችሁ አትቅዱ። አንድ ከውስጥ፣ አንድ ከጫፉ፣ አንድ ከ200 ሜትር ውጭ ቅዱና ለየብቻ ጻፉ። ውስጡ ጥላ ስለሆነና ንፋስ ስለማያገኘው ኦክሲጅኑ ይወርዳል። በሞተር አትግቡበት፤ ፕሮፔለሩን ይጠመጥመዋል፣ ውሃውንም ያደፈርሳል። በመቅዘፊያ ወይም በታንኳ ግቡ።

ሴኪውን ያለ ፀሐይ መነጽር፣ ጥላ ባለበት ጎን አንብቡ። የናይለን ገመድ ሲርስ ስለሚለጠጥ አርሳችሁ ነው ምልክት የምታደርጉበት፤ ወንዝ መግቢያ ላይ ምልክቱ በየ5 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

ደቅ ማዶ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። መለኪያውን ከፍተን አየነው፤ እውነትም 760 ነው የገባው። ጂፒኤሱም አዲንዳን ላይ ነበር። የቀድሞውን የኦክሲጅን ውጤት እንጣለው ወይስ ይስተካከላል?

ዘጌ 12

ይስተካከላል። የዚያን ዕለት ግፊት ለ760 አካፍላችሁ ንባቡን በእሱ አባዙ፤ በ615 ከሆነ 0.81 ነው፣ 8.7ቱ ወደ 7.0 ይመጣል። ዋናውን ቁጥር ግን አታጥፉ። በአዲስ ዓምድ ጻፉት፣ የተባዛበትን ቁጥርና ምክንያቱን ከጎኑ አድርጉ። የታችኛውን ፎስፌት ግን የሚያስተካክል ስሌት የለም፤ ሦስቱን “ጭቃ ተነሥቷል” ብላችሁ ምልክት አድርጉና ከአማካዩ አውጧቸው።